ሬዲሜድ ካራክተር ወይስ በልክ የተሰፋ?

ጉዛራ_ማስተር | ሰኞ ማታ

ሰላም ቤተሰብ፣ ረጅም ነው ታገሱኝ። እዚህ ጎንደር አምስት ሁነን የጠረጴዛ ሮል ፕሌይ ጀምረናል፣ ማለት እያንዳንዱ ሰው አንድ የፈጠራ ሰው (ካራክተር) ሆኖ በወሬና በዳይስ የሚጫወትበት፣ ታሪኩን የሚመራው ማስተር ደግሞ እኔ ነኝ። አክስቴ ፒያሳ አካባቢ ቡና ቤት አላት፣ ቅዳሜ ከሰዓት ከኋላ ያለችውን ክፍል ትለቅልናለች፣ የቡናውን ሂሳብ ግን አትምርም። የምንጫወተው ዲኤንዲ (ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ) አምስተኛውን እትም ነው፣ ነፃውን ሕግ ስልክ ላይ አውርደን።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ ካራክተር እንፍጠር ብለን ቁጭ አልን። ሕጉን ያነበብኩት እኔ ብቻ። አንዱ "ድንክ ልሁን ወይስ ሰው" ይለኛል፣ ለሱ ሳስረዳ ሌላው "ካሪዝማ ማለት ቁንጅና ነው እንዴ" ይላል፣ እሱን ሳስረዳ የመጀመሪያው ሀሳቡን ቀይሮ አስማተኛ ልሁን ይላል፣ አስማተኛ ደግሞ አስማቱን አንድ ባንድ መምረጥ አለበት በቃ አለቀልን። አስራ አንድ ተኩል ሆነ። ሦስት ሰዓት ተኩል! ሁለቱ ጨርሰዋል ሌሎቹ ግማሽ ላይ ናቸው፣ መብራት ጠፋ። በስልክ መብራት ስንጽፍ አንዱ ብድግ አለና "ፎርም ለመሙላትማ ቀበሌም እሄዳለሁ" ብሎን ወጣ።

በሁለተኛው ቅዳሜ የመጣው ሁለት ሰው ነው። በሦስተኛው ተናድጄ አምስት ካራክተር ራሴ ሠርቸ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጀ አሳትሜ፣ ጠረጴዛው ላይ እንደ ካርታ ዘርግቸ ምረጡ አልኳቸው። በአስር ደቂቃ ዋሻ ውስጥ ነበርን። ሸጋ ቀን ነበር እውነቴን ነው። ግን አንዷ ጓደኛችን ወረቀቱን አገላብጣ አየችና "እኔ የሰው ልብስ አልለብስም" አለች፣ ከዚያ ስልኳን ስትነካካ ዋለች። አራተኛው ሳምንት ጭራሽ ሳንጫወት ስንጨቃጨቅ መሸ። ግማሹ ሬዲሜድ ይሻላል፣ ግማሹ በልኬ ካልተሰፋ አልለብስም። እናንተ ጋ እንዴት ነው?

---

አዘዞ_ጠጠር | ሰኞ ማታ

እኔም እዚያው ክፍል ነበርኩ ለማታውቁት 😄 እና ልጅቷ ልክ ናት። ማስተራችን ያልነገራችሁ ነገር ምን መሰላችሁ፣ በሦስተኛው ቅዳሜ የኔ ተዋጊ ሞተ። በሁለተኛው ክፍል ወጥመድ ውስጥ ገብቶ። እኔ ምን አልኩ? "እሺ ሌላ ወረቀት ስጠኝ።" በቃ! አላዘንኩም፣ ስሙንም አላስታውሰውም። በመጀመሪያው ቅዳሜ ግን በዚያ ሁሉ ጭቅጭቅ መሀል የፈጠርኳት እረኛ ነበረች፣ ከአዘዞ በሚኒባስ እየመጣሁ ነው ያሰብኳት፣ አንድ እግሩ የሚያነክስ ፍየል አላት፣ ፍየሉ ከሌለ አትተኛም። አንድም ቀን ሳልጫወትባት ቀረሁ፣ እስካሁን ግን ትዝ ትለኛለች። የራስህ የሆነ ነገርና የተሰጠህ ነገር አንድ አይደለም ወንድሜ።

---

ቦሌ_ሮለር | ሰኞ ሌሊት

ከአዲስ አበባ ነኝ፣ ጣልቃ ስለገባሁ ይቅርታ። ጉዛራ፣ ችግሩ ካራክተር መፍጠሩ ላይ አይመስለኝም፣ አፈጣጠሩ ላይ ነው። አምስት ጀማሪ አስቀምጠህ 27 ነጥብ በየችሎታው (ኃይል፣ ቅልጥፍና፣ ካሪዝማ ወዘተ) አከፋፍሉ ካልክማ እንኳን ሦስት ሰዓት ተኩል ሦስት ቀንም አይበቃም። 15፣ 14፣ 13፣ 12፣ 10፣ 8 የሚለውን ዝግጁ ረድፍ ስጣቸው፣ ትልቁን የሚወዱት ላይ ትንሹን የሚንቁት ላይ ያድርጉ፣ ሁለት ደቂቃ። ወይ ዳይስ አስጥላቸው፣ አራት ባለስድስት ጥለህ ትንሹን ትተህ ሦስቱን መደመር፣ አማካዩ 12.24 አካባቢ ይመጣል ስለዚህ ማንም በጣም አይጎዳም።

በፈረንጆቹ 1974 የወጣው የመጀመሪያው ዲኤንዲ እኮ ሦስት ዳይስ ስድስት ጊዜ መጣል ነው፣ የመጣልህን በቅደም ተከተል ትቀበላለህ፣ ያውም የሚጥለው ተጫዋቹ ሳይሆን ዳኛው ነው ይላል መጽሐፉ። ምርጫው ተዋጊ፣ አስማተኛ ወይ ቄስ፣ ሦስት ብቻ። አስር ደቂቃ ከፈጀ ብዙ ነው። ስለዚህ "የራስን መፍጠር ረጅም ነው" የሚባለው የዛሬው ሕግ ያመጣው ነገር ነው።

በነገራችን ላይ ዳይስ ከየት አገኛችሁ ጎንደር ላይ?

---

ጉዛራ_ማስተር | ማክሰኞ ጠዋት

ቦሌ አመሰግናለሁ፣ ረድፉን አላሰብኩትም ነበር። ዳይሱ... የለንም 😅 ባለስድስቱን ከሉዶ ወሰድን። ለባለሀያ ጎኑ ዳይስ ከ1 እስከ 20 ወረቀት ላይ ጽፈን አጣጥፈን ጣሳ ውስጥ ከተን ዕጣ እናወጣለን። አክስቴ መጀመሪያ ቀን አይታ "ዕቁብ ጀመራችሁ እንዴ? እኔንም አስገቡኝ" ብላናለች።

---

ቦሌ_ሮለር | ማክሰኞ ጠዋት

😂😂 ያወጣችሁትን ግን መልሳችሁ ክተቱ፣ ካልመለሳችሁ 20 አንዴ ከወጣ በኋላ ሌላው ሰው 20 የሚባል ነገር አያገኝም።

---

አዘዞ_ጠጠር | ማክሰኞ ጠዋት

አንመልስም ነበር። አሁን ገባኝ ለምን እንደሞትኩ።

---

መምህር_ጡረታ | ማክሰኞ ከሰዓት

ልጆች፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፣ ውጭ አገር ተማሪ በነበርኩ ጊዜ ይህን ጨዋታ ተጫውቼዋለሁ፣ እዚህ አገር የሚጫወተው ሰው አለ ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር፣ ደስ አለኝ። አንድ ነገር ላርም። ሬዲሜድ ካራክተር ለጀማሪ የሚሰጥ ምርኩዝ አይደለም። ነገሩ ሁሉ የተጀመረው በሱ ነው ማለት ይቻላል። ከዲኤንዲ በፊት በፈረንጆቹ 1960ዎቹ መጨረሻ ዴቪድ ዌስሊ የሚባል አሜሪካዊ ብራውንስታይን የሚል የጦርነት ጨዋታ አዘጋጀ። በናፖሊዮን ዘመን ያለች አንዲት የጀርመን ከተማ ናት፣ ወታደሩን ማንቀሳቀስ ብቻ ሳይሆን ለያንዳንዱ ሰው አንድ ሚና ሰጠው፣ አንዱ ባለ ባንክ፣ አንዱ የተማሪዎች መሪ፣ ዓላማቸው የተለያየ። ጨዋታው እሱ ባላሰበው መንገድ ሄደና እሱ ራሱ ከሽፏል ብሎ ነበር፣ ተጫዋቾቹ ግን ድገመው አሉት። ከነሱ አንዱ ዴቭ አርነሰን ነው፣ ኋላ ከጋሪ ጋይጋክስ ጋር ዲኤንዲን የሠራው።

ውድድር ሲመጣ ደግሞ ያለ ሬዲሜድ አይቻልም። ጋይጋክስ በፈረንጆቹ 1975 ኦሪጅንስ በተባለው የጨዋታ ስብሰባ ላይ አንድ ገዳይ መቃብር ውስጥ የሚካሄድ ጨዋታ ለውድድር አቅርቦ ነበር፣ ካራክተሩ የተዘጋጀ ነው፣ አለበለዚያ አንዱ ቡድን ከሌላው የተሻለ ተጫውቶ ይሁን የተሻለ ሰይፍ ይዞ በምን ይታወቃል?

---

ቦሌ_ሮለር | ማክሰኞ ከሰዓት

ጋሼ እናመሰግናለን፣ ብራውንስታይኑን አላውቀውም ነበር። እርስዎ ግን የትኛውን ይመርጣሉ?

---

መምህር_ጡረታ | ማክሰኞ ማታ

እኔ የተሰጠኝን እመርጣለሁ። ከራሴ ጋር ሰባ ዓመት ኖሬያለሁ፣ ይበቃል።

---

ያልለበስኩት | ማክሰኞ ማታ

እኔ ነኝ ያቺ ልጅ። ሊንኩን አዘዞ ላከልኝ።

በመጀመሪያ ስልክ ስነካካ አልዋልኩም፣ ጉዛራ፣ አንድ ሰዓት ነው፣ እሱም ባትሪዬ አልቆ ቆመ። ሁለተኛ ነገር እኔ ሬዲሜድ ጠልቸ አይደለም። ቁጥሩ ምንም አላለኝም፣ ኃይልሽ 10 ነው ቅልጥፍናሽ 15 ነው እሺ ይሁን፣ ከእግዜር እንደተሰጠኝ እቆጥረዋለሁ፣ ቁመቴንም የመረጥኩት እኔ አይደለሁም። የተናደድኩት ከታች ባለው አንቀጽ ነው። ወረቀቱ አሁንም ቦርሳየ ውስጥ ስላለ ልጻፈው፦ "አዝማሪ ነሽ። ቁጡ ነሽ። ወንድምሽ በልጅነትሽ ስለከዳሽ ትጠይዋለሽ፣ ወንድ አታምኚም፣ ብር ትወጃለሽ።" ኧረ በስመአብ! ገና አፌን ሳልከፍት ማንን እንደምጠላ ተነግሮኛል። ታዲያ እኔ ምን ልሥራ? አንተ የጻፍከውን እያነበብኩ ልቆጣ? የአዘዞ ወረቀት ላይ ደግሞ ምን አለ፣ "ተዋጊ፣ ከደጋ የመጣ" በቃ። ለሱ አንድ መስመር ለኔ ሙሉ ታሪክ። ለዚህ ነው የሰው ልብስ ያልኩት፣ ያውም ኪሱ ውስጥ የሰው ደብዳቤ ያለበት።

---

አዘዞ_ጠጠር | ማክሰኞ ማታ

እንዴ እውነቷን ነው፣ ይህን አላየሁትም ነበር። ማስተር መልስ ስጥ።

---

ጉዛራ_ማስተር | ረቡዕ ጠዋት

አነበብኩት። ልክ ነሽ። አዝማሪዋን ስጽፍ በጣም ስለወደድኳት ነው፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት ድረስ ተቀምጨ የጻፍኳት፣ በኔ ቤት ስጦታ መስጠቴ ነው። ይቅርታ እህቴ።

ያንቺን ካነበብኩ በኋላ በፈረንጆቹ 2014 በወጣው የዲኤንዲ የጀማሪ ሳጥን ውስጥ ያሉትን አምስት ካራክተሮች መልሸ አየኋቸው። የስሙ ቦታ ባዶ ነው! ቁጥሩ አለ፣ ዕቃው አለ፣ ታሪኩ ከሚካሄድባት ከተማ ጋር የሚያገናኘው ክር አለ፣ ማን ተብለህ እንደምትጠራ ግን አንተ ትጽፋለህ። እኔ የሠራሁት ተቃራኒውን ነው ማለት ነው፣ ልቧን ሞልቸ እጇን ባዶ ነበር የተውኳት፣ ዕቃ እንኳን አልሰጠኋትም ለካ።

---

ያልለበስኩት | ረቡዕ ጠዋት

ማሲንቆ የላትም። አዝማሪ ሆና ማሲንቆ የላትም!!!

---

ቁስቋም_ሰፈር | ረቡዕ ማታ

ዝም ብየ ሳነብ ነበር፣ አሁን ግን አላስቻለኝም። እኛም እዚሁ ከተማ ሌላ ቡድን አለን ጉዛራ፣ ስድስት ነን፣ ዲኤንዲ አይደለም የምንጫወተው፣ ራሳችን በሦስት የሉዶ ዳይስ የምትሄድ ትንሽ ሕግ አበጅተን ነው። ሁሌ በሬዲሜድ ነው የምንጀምር፣ ምክንያቱ ደግሞ ሰዓት መቆጠብ አይደለም፣ ምስጢር ነው። ሰው የራሱን ሲፈጥር ምን እንደሚፈጥር እናውቃለን፣ ሁሉም የሙት ልጅ ነው፣ ሁሉም ቂም አለበት፣ ሁሉም ጥግ ይዞ ዝም ብሎ ይጠጣል። ስድስት ብቸኛ ሰው አንድ ጠረጴዛ ላይ! አንዱ የሌላውን እዳ፣ የሌላውን ልጅ፣ የሌላውን ውሸት ይዞ እንዲገባ ከፈለግህ አስቀድሞ የሚያስረው ሰው ያስፈልጋል።

ባለፈው ክረምት ያደረግነውን ልንገራችሁ። ዐፄ በካፋ (በፈረንጆቹ ከ1721 እስከ 1730 የነገሡት) ማንነታቸውን ደብቀው አገር ለአገር ይዞሩ ነበር ይባላል፣ ቋራ ላይ ታመው ምንትዋብ እንዳስታመመቻቸው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ጽፎታል። እኔ ከዚያ ተነስቸ ስድስት ወረቀት ሠራሁ፦ ከቋራ ወደ ጎንደር የሚሄዱ መንገደኞች፣ ወንዝ ሞልቶባቸው አንድ ኬላ ላይ ያደሩ። አንዱ የኬላ ጠባቂ፣ አንዷ አዝማሪ፣ አንዱ ነጋዴ፣ አንዱ ከትምህርት ቤት የኮበለለ የቅኔ ተማሪ፣ አንዷ ለዳኝነት የምትሄድ ባልቴት። ስድስተኛው ወረቀት ላይ ያለው ይሄ ነበር፦ "ንጉሡ አንተ ነህ። ማንም ሳያውቅህ ግባ። ኪስህ ባዶ ነው።" ሌላ ምንም የለም። ሌሎቹ ንጉሥ እንዳለ አያውቁም።

ይህ ወረቀት የደረሰው ልጅ በጣም ዝምተኛ ነው፣ መለዋወጫ ዕቃ ሻጭ ነው፣ ወረቀቱን አነበበና አጥፎ ስኒው ሥር አስቀመጠ፣ ፊቱ ላይ ምንም የለም። ኬላ ጠባቂው ቀረጥ አምጣ ሲለው አሞሌ የለኝም አለ። "እንግዲያው የነጋዴውን ስልቻ ተሸከም።" ተሸከመ! ሁለት ሰዓት ሙሉ ጨዋታ ስልቻ ተሸክሞ፣ እየተሰደበ፣ ውሃ አምጣ እየተባለ፣ ንጉሡ። እኔ ሳቄን ለመያዝ ከንፈሬን ነክሸ ልቆርጠው ነበር። አዝማሪዋን የምትጫወተው ልጅ መጀመሪያ ጠረጠረች፣ "እጁን አያለሁ" አለች፣ ዳይስ ጣለች፣ ተሳካላት፣ እጁ ለስላሳ ነው ሞፈር ይዞ አያውቅም አልኳት። ምንም አላለችም። ትንሽ ቆይታ ግን ዝናቡን ምክንያት አድርጋ እንዲህ አለች፦

ስልቻ ተሸክመን ብንቆም ብንከፋ፣
ምን እናደርጋለን ዝናቡ በካፋ።

ጠረጴዛው ጸጥ አለ። ከዚያ ኬላ ጠባቂው ቀስ ብሎ ከወንበሩ ተነሳ፣ ካራክተሩ አይደለም፣ ልጁ ራሱ ነው የተነሳው። እስቲ ይህን ቅጽበት "ሁላችሁም የፈለጋችሁትን ፍጠሩ" ብለህ አምጣው።

---

መምህር_ጡረታ | ረቡዕ ማታ

እሰይ! የኔ ልጅ እሰይ! ለዚያች ልጅ ተቀበል የሚል አዝማሪ ቀጥሩልኝ።

---

ቦሌ_ሮለር | ረቡዕ ማታ

"አካፋ" ነው እንጂ "ካፋ" ይባላል እንዴ?

---

ቁስቋም_ሰፈር | ረቡዕ ማታ

ለአዝማሪ ይባላል።

---

አዘዞ_ጠጠር | ሐሙስ ጠዋት

ፀጉሬ ቆመ አልዋሽም። ግን ልጠይቅ፣ ይህ ቲያትር አይደለም? ሚና ሰጠሃቸው ተጫወቱ። እና ያ ደግሞ አንድ ቀን ነው። ዓመት የሚጫወቱት ነገር ሲሆንስ? ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው ያሰበልኝን ሰው ሁኘ ልኑር?

---

ቦሌ_ሮለር | ሐሙስ ጠዋት

እኔም እዚህ ላይ ከአዘዞ ጋር ነኝ። እኛ ጋ ሕጉ ቀላል ነው፣ በአንድ ቀን ለሚያልቅ ሬዲሜድ፣ ለረጅሙ የራስህ።

---

ቁስቋም_ሰፈር | ሐሙስ ከሰዓት

አዘዞ፣ ቲያትር ቢሆን ኖሮ ቀጣዩን ቃል ታውቀው ነበር። ወረቀቱ የት እንደጀመርክ ነው የሚነግርህ፣ ንጉሡ ስልቻ እንደሚሸከም እኔም አላውቅም ነበር።

የቦሌን ሕግ ግን አልቀበልም፣ ሁሉም የሚለው ነው ግን እኛ ጋ አልሠራም። ረጅሙ ጨዋታችን ከዚያችው የኬላ ሌሊት ነው የቀጠለው፣ አሁን አስራ አራተኛ ስብሰባ ላይ ነን። የቅኔ ተማሪው አሁን እኔ የጻፍኩት ሰው አይደለም፣ ልጁ ትምህርቱን አስጥሎ ነጋዴ አድርጎታል፣ እኔ የሰጠሁትን ፍርሃት አውጥቶ ጥሎ ሌላ ፍርሃት ሰጥቶታል። ሬዲሜድ ሱሪ ስትገዛ ምን ታደርጋለህ? ፒያሳ በረንዳው ላይ ባለ ሲንጀሩ ሰውየ ጋ ወስደህ ታሳጥረዋለህ፣ ወገቡን ታስገባዋለህ። እኛ ከሦስተኛው ስብሰባ በኋላ ማንም ወረቀቱን ማሳጠር ይችላል የሚል ሕግ አለን፣ ሁለት ነገር ቀይር፣ አንድ ነገር ጨምር። ከዚያ በኋላ የማን እንደነበረ ራሱ ይረሳል።

ደግሞ ሌላም መንገድ አለ እኮ ከሁለቱ ውጭ። ትራቨለር የሚባለው በፈረንጆቹ 1977 የወጣ ጨዋታ ላይ ካራክተርህን ስትፈጥር ራሱ ዳይስ እየጣልክ ነው፣ ውትድርና ትገባለህ፣ ማዕረግ ታገኛለህ፣ ጨዋታው ሳይጀመር ልትሞትም ትችላለህ! ዳንጀን ክሮውል ክላሲክስ የሚባለው ጨዋታ ተጫዋቾች ደግሞ ለአንድ ሰው ሦስት አራት ምስኪን ገበሬ ሰጥተው ወጥመድ ውስጥ ይለቋቸዋል፣ የተረፈው ያንተ ይሆናል። ማንም አልፈጠረውም፣ ማንም አልሰጠህም፣ ስለተረፈ ግን ትወደዋለህ። አዘዞ ያንተ ተዋጊ ያላሳዘነህ ሬዲሜድ ስለሆነ አይመስለኝም፣ ሁለተኛው ክፍል ላይ ስለሞተ ነው። ማንን አውቀህ ታለቅሳለህ?

---

አዘዞ_ጠጠር | ሐሙስ ከሰዓት

...እሺ ይሄ ነገር አለው። ግን ፍየሏን አልተውም።

---

ያልለበስኩት | ሐሙስ ማታ

ማሳጠሩን ወድጀዋለሁ። ግን ለምን ሦስተኛ ስብሰባ ድረስ እጠብቃለሁ? ሱሪውን ከሱቅ ሳልወጣ ነው የምለካው።

---

ጉዛራ_ማስተር | ዓርብ ማታ

ለነገ የሠራሁት ይኼን ነው፣ ገምግሙኝ። ስድስት ወረቀት፣ ቁጥሩና ዕቃው በኔ የተሞላ (ማሲንቆ አለ፣ ሁለት ክር መለዋወጫ ጭምር፣ ደስ ይበልሽ)። አንድ የማታውቁት ክር ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር የሚያስራችሁ፣ እሱ በኔ። ስም ባዶ። ከታች ሦስት ጥያቄ ባዶ መስመር ያለው፦ ማን ያሳደገህ፣ ምን ሰርቀህ ታውቃለህ፣ ቤት ማን ይጠብቅሃል። ለአዘዞ ዕቃ ዝርዝር ላይ "ፍየል፣ አንካሳ" ብየ ጽፌለታለሁ።

---

ቁስቋም_ሰፈር | ዓርብ ማታ

ጥያቄዎቹን ጮክ ብለው እንዲመልሱ አድርግ፣ አንዱ የሌላውን ሲሰማ የራሱን ይቀይራል።

---

ጉዛራ_ማስተር | እሑድ ጠዋት

ሪፖርት፦ ስምንት ሰዓት ተቀመጥን፣ ስምንት ከሃያ ላይ እየተጫወትን ነበር። ፎርም ለመሙላት ቀበሌ እሄዳለሁ ያለው ልጅም መጣ፣ ጥያቄዎቹን ከሁሉም በላይ የጻፈው እሱ ነው፣ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን ጨረሰው። አዝማሪዋ አሁንም ወንድም አላት፣ ግን አትጠላውም፣ እየፈለገችው ነው። "ምን ሰርቀሽ ታውቂያለሽ" ለሚለው "የወንድሜን ስም" ብላ ጻፈች። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኳት፣ አልነገረችኝም። ማስተሩ እኔ ነኝ እኮ!

አንድ ችግር። አክስቴ ጀበናውን ይዛ ገብታ ቁጭ አለች፣ ግማሽ ሰዓት ሰማችና "ለኔስ ወረቀት የለኝም?" አለች። ስድስተኛው ወረቀት የጠጅ ቤት ባለቤት ነበር። ሰጠኋት። ስሙን ሳትጽፍ ዋጋ ዝርዝር ጻፈችበት፣ ሁላችንንም በጨዋታው ውስጥ እዳ አስገብታን ወጣች።

---

ያልለበስኩት | እሑድ ጠዋት

የኔ እዳ ሰባት አሞሌ ነው። እውነተኛው የቡና ሂሳብም እንዳለ ነው።

---

አዘዞ_ጠጠር | እሑድ ከሰዓት

ፍየሏ በሕይወት አለች። በነገራችን ላይ ጣሳው ውስጥ 19 ቁጥር የለም፣ ትናንት ሁለቴ ቆጥሬያለሁ። ማን ነው የወሰደው?

---

ያልለበስኩት | እሑድ ከሰዓት

ምን ሰርቀሽ ታውቂያለሽ ተብየ ነበር 🙂